የማዋለጃው አልጋ ለማን ተሠራ?

በጤና ጣቢያ ማዋለጃ ክፍል ውስጥ የቆመውን አልጋ ልብ ብሎ ያየ ሰው ዕቃው ለማን ታስቦ እንደተሠራ ለማወቅ ብዙ አይቸገርም። ከፍታው ቆሞ ለሚሠራ ሰው ወገብ ልክ ነው፤ ቁመቷ አጠር ያለ ነፍሰ ጡር ያለ መወጣጫ አትደርስበትም። ስፋቱ በጀርባ ለመተኛት ይበቃል፤ በምጥ መሐል ለመገላበጥ ግን አይበቃም። የግርጌው ጫፍ ጎደሎ ነው፤ እዚያ ጋ ደሙንና የእንሽርት ውኃውን የሚቀበል ባልዲ ይገባል። ግራና ቀኝ የብረት እግር መስቀያ አለ። መብራቱ በግርጌ በኩል ነው፤ መቀሱና መቆንጠጫው የተደረደረበት ጠረጴዛም እዚያው ነው። ሁሉም ነገር ግርጌ ለሚቆመው ሰው ዓይንና እጅ ተመቻችቷል። አልጋው ላይ የወጣችው ሴት ደግሞ ጅራት አጥንቷን በራሷ ክብደት ተጭና፣ እግሯን ሰቅላ ታምጣለች። የመውለጃው መንገድ መጨረሻው ላይ ወደ ፊት ስለሚታጠፍ፣ በጀርባዋ የተኛች ሴት ልጇን የምትገፋው ሽቅብ ነው።

የዚህ ዳሰሳ ሙግት ከዚሁ አልጋ ይነሳል። ወላዷ በምን አኳኋን ትሁን የሚለው ጥያቄና ገላዋ እንዳይቀደድ ምን ይደረግ የሚለው ጥያቄ በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ በተለያየ ምዕራፍ ይቀመጣሉ። እኔ ግን አንድ ጥያቄ ናቸው እላለሁ፤ ሁለቱም ለረጅም ዘመን የተመለሱት ለአዋላጁ በሚመች መንገድ ነውና። ማስረጃው ሲመረመር ቀና ብሎ መውለድን አያነግሥም፤ ወላዷን በጀርባዋ እንድትተኛ ለማስገደድ ይቀርብ የነበረውን ምክንያት ግን ያሳጣል። ከዚያ በኋላ የሚቀረው ችግር የአዋላጁ እጅ ከአንድ አኳኋን በቀር አለመልመዱ ነው። (ዓመቶቹን በሙሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ።)

ፔሪኒየም የሚባለው በብልትና በፊንጢጣ መካከል ያለው ቆዳና ጡንቻ ነው። ሴቶቹ “ተቀደድኩ”፣ “ተሰፋሁ” ይላሉ እንጂ ቦታውን በስም አይጠሩትም፤ ሐኪም ፊት ሲቀርቡ እንኳ ብዙዎቹ “እዚያ ጋ” ብለው ያልፉታል። መቀደዱ አራት ደረጃ አለው። አንደኛው ቆዳን ብቻ ይነካል። ሁለተኛው ወደ ጡንቻው ይዘልቃል፣ ስፌትም ይፈልጋል። ሦስተኛው ፊንጢጣን አጥብቆ የሚይዘውን ቀለበት ጡንቻ ይበጥሳል። አራተኛው የአንጀቱን ውስጠኛ ሽፋን አልፎ ይገባል። በአንደኛውና በአራተኛው መካከል ያለው ልዩነት የሕይወት ልዩነት ነው፤ ሦስተኛውና አራተኛው ሳይታወቁ ወይም በደንብ ሳይሰፉ ከቀሩ ሴትዮዋ ጋዝና ሰገራ መቆጣጠር ያቅታታል፣ ከሰው ትርቃለች፣ ለማንም አትናገርም። ስለዚህ “መቀደድ ጨመረ” ወይም “ቀነሰ” የሚል ጥናት ሲቀርብልን መጀመሪያ የምንጠይቀው ስለየትኛው ደረጃ እንደሚያወራ ነው።

በጀርባ ተኝቶ መውለድ የሰው ልጅ የጥንት ልማድ አይደለም። በግብፅ አቢዶስ በ2001 በቁፋሮ የተገኘው ባለ ሥዕል ጡብ ዕድሜው 3700 ዓመት ገደማ ሲሆን፣ ሴቶች ቁጢጥ ብለው ሲወልዱ እግራቸውን ከሚያሳርፉባቸው ጡቦች አንዱ ነው። በኦሪት ዘጸአት ፈርዖን አዋላጆቹን ሲፓራንና ፉሐን ባዘዘበት ቦታ የዕብራይስጡ ቃል “ሁለቱ ድንጋዮች” ማለት ነው፤ ብዙ ተርጓሚዎች የማዋለጃ መቀመጫ አድርገው ይረዱታል። በአውሮፓም አዋላጆች ለዘመናት የሚዞሩት የማዋለጃ በርጩማ ይዘው ነበር። ለውጡ የመጣው ወንድ ቀዶ ሐኪሞች ወደ ማዋለጃው ክፍል ሲገቡ ነው፤ ፈረንሳዊው ፍራንሷ ሞሪሶ በ1668 ባሳተመው መጽሐፍ ከበርጩማው ይልቅ አልጋን መከረ። ሉዊ 14ኛ ቁባቶቹ ሲወልዱ ለማየት ስለፈለገ ነው አልጋው የመጣው የሚል ወሬ አለ፤ ለጨዋታ ያህል ደስ ይላል፣ ማስረጃ ግን የለውም፣ አያስፈልገንምም። የቀዶ ሐኪሞቹ መሣሪያ በቂ ምክንያት ነበር። መሣሪያ ለማስገባት ወላዷ መተኛት፣ እግሯም መከፈት አለበት። የደብሊኑ አዋላጅ ሐኪም ፊልዲንግ ኡልድ በ1742 በጭንቅ ጊዜ ፔሪኒየሙን በመቀስ ስለመክፈት ጻፈ። በ1920 ደግሞ የቺካጎው ጆሴፍ ዴሊ የመጀመሪያ ልጇን የምትወልድን ሴት ሁሉ አደንዝዞ፣ ከፍቶ፣ ልጁን በፎርሴፕስ (ጭንቅላቱን ይዞ በሚጎትት መቆንጠጫ) ማውጣትን እንደ መከላከያ አቀረበው። ያኔ የጭንቅ ጊዜ መፍትሔ የነበረው ነገር ለጤነኛዋም ሥርዓት ሆነ። አልጋና መቀስ የአንድ አስተሳሰብ ልጆች ናቸው።

ወደ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሕክምና ሲመጣ አልጋው ተሠርቶ፣ ሥርዓቱም ተጽፎለት መጣ። በቤት ውስጥ የነበረው ሌላ ነው። በብዙ የሰሜንና የመካከለኛው ኢትዮጵያ ገጠር ወላዷ ትንበረከካለች፤ አንዲት ሴት ከኋላ ወገቧን ወይም ብብቷን ይዛ ትደግፋታለች፣ የልምድ አዋላጇ ፊት ለፊት ዝቅ ብላ ትቀበላለች፣ የቀሩት “ማርያም ማርያም” ይላሉ። ገላዋ በነጠላ ወይም በቀሚሷ እንደተሸፈነ ነው፤ ልጁን የምትቀበለው እጅ ከልብሱ ሥር ትሠራለች። ይህን የምጠቅሰው ልማድን ለማወደስ አይደለም፤ በዚያው ቤት ደም ሲፈስ የሚያቆመው፣ ልጅ ሲቀረቀር የሚያወጣው አልነበረም። ስለ አኳኋኑ ብቻ ስናወራ ግን ሴቶቹ የመረጡት ነገር ከሰውነት አሠራር ጋር እንደሚስማማ መካድ አይቻልም። በጀርባ ስትተኛ ከባዱ ማህፀን ደም ወደ ልብ የሚመልሰውን ትልቅ ሥር ይጫናል፤ ለፅንሱ የሚደርሰው ደም ሊቀንስ ይችላል። ስትቆም፣ ስትንበረከክ ወይም በጎኗ ስትሆን ይህ ጫና ይቀላል፣ ጅራት አጥንቷም ወደ ኋላ ለመሸሽ ነፃ ይሆናል።

እዚህ ላይ የእኔን ወገን ሰዎች ማረም ይገባል። ቁጢጥ ማለት የዳሌ አጥንት መውጫውን በ28 ከመቶ ያሰፋል የሚል ቁጥር በየሥልጠናው ይደጋገማል። ምንጩ ራስል የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም በ1969 ያወጣው የራጅ ጥናት ነው። በ2002 በኤም አር አይ የተደረገ ልኬት ግን በዳሌው ውስጥ ባሉት እሾህ መሰል አጥንቶች መካከል ያለው ርቀት በጀርባ 11 ሴንቲ ሜትር፣ በቁጢጥ 11.7 ሴንቲ ሜትር መሆኑን አሳየ። የተለኩት እርጉዝ ያልሆኑ ሴቶች ስለሆኑ የመጨረሻ ቃል አይደለም፤ ሆኖም ልዩነቱ በሚሊ ሜትር የሚቆጠር መሆኑን ያስታውሰናል። ሚሊ ሜትር በምጥ ጊዜ ትንሽ ነገር አይደለም፤ ተአምር ግን አይሠራም።

ጥናቶቹ ሲጠቃለሉ ምን ይላሉ? በመጀመሪያው የምጥ ደረጃ፣ ማለትም የማህፀን በር እስኪከፈት ባለው ጊዜ፣ መልሱ ብዙ አያከራክርም፤ በ2013 የወጣው፣ ሙከራዎችን ሰብስቦ የሚመዝነው የኮክሬን ዳሰሳ እንደሚያሳየው የሚንቀሳቀሱና ቀና የሚሉ ሴቶች ምጥ በአማካይ በ1 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ያጥራል። አከራካሪው ሁለተኛው ደረጃ፣ የመግፊያው ጊዜ ነው። በ2017 የታደሰው የኮክሬን ዳሰሳ ኤፒዱራል (በጀርባ አጥንት በኩል የሚሰጥ የምጥ ማደንዘዣ) ያልወሰዱ ከ9000 በላይ ሴቶችን ያቀፉ 32 ሙከራዎችን መረመረ። ቀና ባሉት ዘንድ በቫኪዩምና በፎርሴፕስ መውለድ በሩብ ያህል ቀነሰ፤ በመቀስ መከፈትም እንዲሁ በሩብ ያህል ቀነሰ፤ የፅንስ የልብ ምት መዛባት ከግማሽ በታች ወረደ፣ ይህኛው ግን ከሁለት ትንንሽ ሙከራዎች የተገኘ ነው። በቀዶ ሕክምና መውለድ ላይ ልዩነት አልታየም። ከባዱ መቀደድ፣ ሦስተኛውና አራተኛው ደረጃ፣ በግልጽ አልጨመረም፣ አልቀነሰም። በሌላ በኩል ሁለተኛ ደረጃ መቀደድ በአንድ አምስተኛ ያህል፣ ከ500 ሚሊ ሊትር በላይ ደም መፍሰስ ደግሞ ወደ ግማሽ በሚጠጋ መጠን ከፍ ብሎ ታየ። አዘጋጆቹ ራሳቸው የብዙዎቹ ሙከራዎች ጥራት ደካማ መሆኑን ተናግረዋል።

ቀና ብሎ መውለድን የሚደግፉ ብዙ ጽሑፎች የመጨረሻዎቹን ሁለት ግኝቶች በአንድ ሐረግ ያልፏቸዋል። ትክክል አይደለም፤ ክርክሩ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። በመቀደዱ እንጀምር። በመቀስ የሚከፈት ቁስል ቆዳንና ጡንቻን አብሮ ይቆርጣል፤ በጥልቀቱ ከሁለተኛ ደረጃ መቀደድ አያንስም። ስለዚህ ቀና ያሉት ሴቶች መቀሱን ሸሽተው አንዳንዶቹ በራሳቸው ተቀደዱ ማለት ነው፤ መቀሱ “መቀደድ” ተብሎ ስላልተቆጠረ ብቻ የተኙት ሴቶች ገላ የተረፈ ይመስላል። በሁለቱም በኩል የተሰፉትን ደምረን ብናይ ሚዛኑ ይቀራረባል። የደሙ ጉዳይ ግን በዚህ ዓይነት ሂሳብ አይሰረዝም። ቀና ብላ የምትወልድ ሴት ደም ቁልቁል ወደ መቀበያው ስለሚወርድ ይታያል፣ ይለካል፤ የተኛችው ደም አንሶላውና ፍራሹ ላይ ይቀራል የሚል ማስተባበያ አለ፣ የተወሰነ እውነትም አለው፤ በዓይን ግምት የሚለካ ደም ከእውነተኛው ያነሰ እንደሚሆን በተደጋጋሚ ታይቷል። በማዋለጃ ወንበር ላይ ለረጅም ጊዜ መቀመጥ ፔሪኒየሙን እንደሚያሳብጥና ከዚያ የሚፈሰው ደም እንደሚጨምርም ይታመናል። ይሁንና የደም መፍሰስ እናቶችን በሚገድልበት ሀገር “ምናልባት የልኬት ስህተት ነው” ብሎ መተኛት አይቻልም። እኔ የምደርስበት መደምደሚያ ይህ ነው፦ ሴትዮዋ ተንበርክካም ሆነ ቆማ ብትወልድ፣ ልጁ እንደወጣ ማህፀኗን የሚያኮማትረው ኦክሲቶሲን ሳይዘገይ ይሰጣት፣ ከዚያም ትተኛና ደሟ ይለካ። በ2023 የታተመው ኢ-ሞቲቭ የተባለው ሙከራ በኬንያ፣ በናይጄሪያ፣ በደቡብ አፍሪካና በታንዛኒያ ሆስፒታሎች መስመር ያለበት የፕላስቲክ መለኪያ ከእናቲቱ ሥር አንጥፎ ሕክምናውን በአንድነት ወዲያው በመስጠት ከባድ ችግሮችን በ60 ከመቶ ቀንሷል። ደም የሚገታው በመለካትና በፍጥነት ነው። እነዚህ ሁለቱ ካሉ ልጁ በወጣበት ቅጽበት ጉልበቷ የት እንደነበረ ያን ያህል አያስጨንቅም።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ከእንግሊዝ የመጣ ነው። በ2017 የታተመው በምፕስ የተሰኘው ሙከራ ኤፒዱራል የወሰዱና የመጀመሪያ ልጃቸውን የሚወልዱ 3093 ሴቶችን በ41 ማዋለጃዎች አጥንቶ፣ በጎናቸው የተኙት 41.1 ከመቶ፣ ቀና ያሉት ደግሞ 35.2 ከመቶ ያለ መሣሪያ መውለዳቸውን አገኘ። ውጤቱ ከተጠበቀው ተቃራኒ ነበር። ልብ መባል ያለበት ግን “የተኙት” በጀርባቸው ሳይሆን በጎናቸው መተኛታቸው ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ስትወልድ ኤፒዱራል የምትወስድ አማርኛ ተናጋሪ እናት ይህን ማወቅ ይጠቅማታል፤ እናቷ ተንበርክካ ስለወለደች እሷም እግሯ በደነዘዘበት ሰዓት መንበርከክ የለባትም። ወልድያ ወይም ደብረ ታቦር ጤና ጣቢያ የምትወልደው ግን ኤፒዱራል አታገኝም፤ እሷን የሚመለከተው የመጀመሪያው ማስረጃ ነው።

አሁን ወደ መቀሱ። “ኤፒሲዮቶሚ” በሚል ስሙ የሚታወቀው ቁርጠት ለረጅም ዘመን የቆመው በሁለት ምክንያቶች ነበር፦ ንጹሕ ቁስል ከተቀደደ ቁስል በተሻለ ይድናል፣ ከባዱንም መቀደድ ይከላከላል። ሁለቱም ሲፈተኑ አልጸኑም። በ1993 የታተመው የአርጀንቲና ሙከራ 2606 ሴቶችን አካቷል። በአንዱ ቡድን በልማድ 82.6 ከመቶ፣ በሌላው በምክንያት ብቻ 30.1 ከመቶ ተቆረጡ፤ ከባድ መቀደድ በመጀመሪያው ቡድን 1.5፣ በሁለተኛው 1.2 ከመቶ ሆነ። ከመቶ ሃምሳ የሚበልጡ ተጨማሪ ሴቶች ተቆርጠው አንድም ጥቅም አልተገኘም። በ2017 የወጣው የኮክሬን ዳሰሳ ደግሞ በምክንያት ብቻ መቁረጥ ከባዱን መቀደድ በ30 ከመቶ ገደማ እንደሚቀንስ አሳየ። “የመጀመሪያ ልጇ ስለሆነ” የሚለው ምክንያት፣ በየማዋለጃው ዛሬም የሚሰማው፣ ምክንያት አይደለም። የፅንሱ ልብ ምት ሲወርድ፣ በፎርሴፕስ ማውጣት ግድ ሲል መቀሱ ቦታ አለው። ሌላው ቦታው መሣቢያው ውስጥ ነው።

መቀሱ ከተቀመጠ እጅ ምን ይሥራ? የፔሪኒየም እንክብካቤ የሚባለው እውነተኛ ሙያ እዚህ ይጀምራል። በ1998 በእንግሊዝ 5471 ሴቶችን ያካተተ ሙከራ የልጁን ጭንቅላትና ፔሪኒየሙን በእጅ መደገፍን እጅን አቅርቦ ከመጠበቅ ጋር አነጻጸረ፤ በ10ኛው ቀን ሕመም እንዳለባቸው የተናገሩት በእጅ ከተደገፉት 31.1፣ ካልተደገፉት 34.1 ከመቶ ነበሩ። ልዩነቱ ትንሽ ነው። የበለጠ የሚያሳምነው የሞቀ ጨርቅ ነው። በአውስትራሊያ በ717 ሴቶች ላይ ተሠርቶ በ2007 የታተመ ሙከራ ጭንቅላቱ ፔሪኒየሙን መወጠር ሲጀምር በሙቅ ውኃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ ማስደገፍ ከባዱን መቀደድ ከ8.7 ወደ 4.2 ከመቶ እንዳወረደው አሳየ፤ በ2017 የተሰበሰቡት ሙከራዎችም ይህንኑ አጸኑ። አሠራሩ ቀላል ነው። ጨርቁ ይነከራል፣ ይጨመቃል፣ አዋላጇ በራሷ ክንድ ሙቀቱን ትሞክራለች፣ ምጡ ሲመጣ ታስደግፋለች፣ ሲቀዘቅዝ ትቀይራለች። ከዚያ ትልቁ ነገር ዝግታ ነው። ጭንቅላቱ ዘውድ ሲሠራ “ግፊ! ግፊ!” የሚለው ጩኸት ይቁም፤ ወላዷ እንደ ሻማ እፍ እያለች ትተንፍስ፣ በሁለት ምጥ መካከል ባለው ፋታ ጭንቅላቱ ቀስ ብሎ ይውጣ። ሆድን ከላይ መጫን ደግሞ የዓለም ጤና ድርጅት በግልጽ የማይመክረው ነገር ነው፤ ፔሪኒየሙ ቀስ ብሎ እንዲለጠጥ የሚያስፈልገውን ጊዜ ይነጥቀዋል።

ጠንካራው ተቃውሞም ከዚሁ ይመነጫል። ኖርዌይ ውስጥ አዋላጆችን እንደገና በማሠልጠን፣ ጭንቅላቱን በአንድ እጅ እያዘገዩ ፔሪኒየሙን በሌላው በመደገፍ፣ በአራት ሆስፒታሎች ከባዱ መቀደድ ከ4–5 ወደ 1–2 ከመቶ ወረደ። እንግሊዝ ውስጥ ከ2000 እስከ 2012 የመጀመሪያ ልጃቸውን በሚወልዱት ዘንድ ከባዱ መቀደድ ከ1.8 ወደ 5.9 ከመቶ አሻቅቦ ስለነበር ተመሳሳይ ሥልጠና በ16 ማዋለጃዎች ተሞክሮ ከ3.3 ወደ 3.0 አወረደው። ተቃዋሚው እንዲህ ይላል፦ እጅ የሚያድነው ዓይን ሲያይ ነው፤ ሴትዮዋ ተንበርክካ፣ አዋላጁም ወለል ላይ ተቀምጦ ምን ያያል? ተገቢ ጥያቄ ነው፤ እኔም በማዋለጃ በርጩማ ላይ ወይም ቆሞ ለመውለድ ያለኝ ድጋፍ የቀዘቀዘው በዚህ ምክንያት ነው። ነገር ግን በጀርባ አለመተኛት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። በጎን የተኛች ሴት ላይኛው እግሯ በጓደኛዋ ተይዞ ፔሪኒየሟ በደንብ ይታያል። በእጅና በጉልበቷ የቆመችም እንዲሁ፤ እንዲያውም የልጁ ክብደት ከፔሪኒየሙ ይልቅ ወደ ፊት ያርፋል። በሁለቱም አዋላጁ ያያል፣ ይደግፋል፣ ያዘገያል፤ ግራ የሚያጋባው ሁሉም ነገር ተገልብጦ መታየቱ ነው። ፊት ለፊት ብቻ የሠለጠነ እጅ ያንን እስኪለምድ ይፈራል። የማይታየው ነገር ብዙ ጊዜ ያልተለመደው ነው። የኖርዌዩም የእንግሊዙም ሥልጠና ያስተማረን እጅ መማር እንደሚችል ነው፤ ለአንድ አኳኋን የተማረ ለሦስትም ይማራል።

በእኛ ሀገር ከዚህ ሁሉ ላይ የሚጨመር ጉዳይ አለ። በ2016ቱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ከሆናቸው ሴቶች 65 ከመቶው የተገረዙ ናቸው። ጠባሳ አይለጠጥም። የዓለም ጤና ድርጅት በ6 የአፍሪካ ሀገሮች 28393 ወላዶችን አጥንቶ በ2006 እንዳሳተመው ግርዛቱ እየከፋ ሲሄድ ደም መፍሰሱ፣ በቀዶ ሕክምና መውለዱ፣ የፔሪኒየሙም ጉዳት ይጨምራል። በተለይ በሶማሌና በአፋር የሚታየው የተሰፋው ዓይነት ከፊት በኩል መከፈት አለበት፤ ይህ ከኤፒሲዮቶሚ የተለየ ሥራ ነው፣ ከወሊድ በኋላም መልሶ መስፋት የለም። ከውጭ የመጡት ጥናቶች አብዛኞቹ እነዚህን ሴቶች አላካተቱም። ስለዚህ “በመቀስ አትንኩ” የሚለውን መመሪያ በሶማሌዋ ጅግጅጋ ላይ በደፈናው መስበክ ሌላ ዓይነት ግዴለሽነት ነው።

ስለ ስፌቱ አጭር ነገር ልበል። ከስፌት በፊት ማደንዘዣ፣ ከዚያም የፊንጢጣውን ጡንቻ በጣት መፈተሽ፤ ይህ ካልተደረገ ሦስተኛው ደረጃ እንደ ሁለተኛ ተሰፍቶ ይቀራል። አንድ ወጥ ሆኖ ሳይቋረጥ የሚሄድ ስፌት እየተቋጠረ ከሚሄደው ያነሰ ሕመም እንዳለው፣ ሰው ሠራሹ የሚሟሟ ክር ደግሞ ከእንስሳ አንጀት ከሚሠራው ካትገት እንደሚሻል በብዙ ሺህ ሴቶች ላይ ታይቷል። “ቻይው፣ አንድ ስፌት ብቻ ናት” የሚለው አባባል በማደንዘዣ ምትክ አይቆጠርም።

ሌሎቹ ተቃውሞዎች ከማስረጃ ይልቅ ከኑሮ የሚመነጩ ናቸው፤ ከቁጥሮቹ ያነሰ ክብደት የላቸውም። አንዱ ሚድዋይፍ ሦስት ወላድ ይዞ ሳለ እንዴት እየተንበረከከ ያዋልድ? እውነት ነው፤ የአዋላጁም ወገብ ወገብ ነው። ይሁንና በጎን መተኛት ያው አልጋ ላይ የሚቻል ነገር ነው፣ ተጨማሪ ሰው አይጠይቅም፤ ከአልጋው አጠገብ መሬት ላይ የሚነጠፍ ፍራሽም ብዙ አያስወጣም። የልጁ ትከሻ ቢቀረቀርስ? ጭኖቿን ወደ ሆዷ አጥፎ ማስተኛት የመጀመሪያው መፍትሔ ነው፤ ነገር ግን አሜሪካዊቷ አዋላጅ አይና ሜይ ጋስኪን ከመካከለኛው አሜሪካ አዋላጆች ተምራ ያስተዋወቀችው፣ በስሟም የሚጠራው ዘዴ ሴትዮዋን በእጅና በጉልበቷ ማድረግ ነው። በተራዘመ ምጥ የሚመጣው ፊስቱላስ? ከ1974 ጀምሮ አዲስ አበባ ላይ የሐምሊን ሆስፒታል የጠገናቸው ሴቶች ብዙዎቹ በቤታቸው ቀናት ያማጡ ናቸው፤ መንበርከክ አላዳናቸውም። ትክክል፤ ማንኛውም አኳኋን የተዘጋ ምጥን አይከፍትም። ለዚህ ነው ክርክሩ በማዋለጃው ክፍል ውስጥ፣ የምጡን ሂደት የሚመዘግበው ፓርቶግራፍ እየተሞላ፣ አምቡላንሱ በሚጠራበት ቦታ መካሄድ ያለበት።

እዚያ ክፍል ድረስ የሚያመጣት ነገርስ? በጤና ተቋም የሚወለደው ልጅ በ2000 ከመቶ 5 ነበር፤ በ2019 ከመቶ 48 ደረሰ፣ ታላቅ ሥራ ነው። በ2011ዱ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጤና ተቋም ያልወለዱት ለምን ሲባሉ 61 ከመቶው አያስፈልግም፣ 30 ከመቶው ልማዳችን አይደለም አሉ። “ልማድ” የሚለው ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተሸፍኗል፦ ራቁት መሆን፣ እግር መሰቀል፣ ወንድ አዋላጅ፣ ብቻ መሆን። ሴቶቹ በጀርባ መተኛትን ራሳቸው ይቀበላሉ፣ ማንም ሌላ አልጠየቀም የሚል መልስ ይሰማል። ያልቀረበለትን ነገር የሚመርጥ የለም፤ ነጭ ጋውን ፊት ቆማ “ልንበርከክ” ለማለት ደግሞ ድፍረት ይጠይቃል። “ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች” ሲባል የሚሳቀው በልጂቱ ነው፤ ማዋለጃ ክፍሎቻችን ግን ልጂቱን ሆነው ሳለ ማንም አይስቅባቸውም። ጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ከ2015 ጀምሮ ሩህሩህ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያን የለውጡ አንድ ምሰሶ አድርጎታል፤ የዓለም ጤና ድርጅትም በ2018 ካወጣቸው 56 ምክሮች ውስጥ ወላዷ የመረጠችውን አኳኋን እንድትይዝ ማበረታታት፣ ኤፒሲዮቶሚን በልማድ አለማድረግ፣ ፔሪኒየሙን ማሸትና የሞቀ ጨርቅ ይገኙባቸዋል። ወረቀቱ አለ። ነገር ግን አክብሮት በፈገግታና በሰላምታ ብቻ ሲተረጎም አልጋው ባለበት ይቀራል፤ በትሕትና “እሜቴ፣ እግርዎን እዚህ ይስቀሉ” ይባላል።

ስለዚህ ገንዘብ ካለ የት ይውጣ ቢባል፣ ውድ የሆነ ተጣጣፊ አልጋ ከመግዛት በፊት የማስተማሪያውን አሻንጉሊት እመርጣለሁ። የተለመደው የፕላስቲክ ዳሌ ጠረጴዛ ጫፍ ላይ ተጣብቆ የሚቆም ነው፤ ተማሪው በዚያ ላይ ሃምሳ ጊዜ ሲያዋልድ አንድ አኳኋን ብቻ እጁ ላይ ይቀረጻል። “ማማ ናታሊ” የሚባለው የኖርዌዮቹ ሥራ ደግሞ አስተማሪዋ ሆዷ ላይ የምትታጠቀው ነው፤ ትንበረከካለች፣ በጎኗ ትተኛለች፣ ተማሪው ተከትሏት ይዞራል፣ ሰው ሠራሹ ደም ሲፈስ ይለካል። የቀረው የሞቀ ውኃ ነው። ብዙ ጤና ጣቢያዎች ወላዶች እንዳይሸሹ ብለው በእናቶች ማቆያው ገንፎ ማገንፋትና ቡና ማፍላት ጀምረዋል። ያው ምድጃ አንድ ተጨማሪ ድስት ይችላል፤ ጎኑ የተቀመጠ ንጹሕ ጨርቅና ሙቀቱን የሚሞክር ክንድ ካለ ለማዋለጃው ክፍል ይበቃዋል።